ስሟ ያልተጠራ ልጅ

እህቴን ያስረገዛት የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው፤ ለአንድ ሰሞን ከዲላ እስከ ወናጎ ያለው አማኝ ግማሹ እህቴ አርግዛለች ብሎ አምኖ ነበር። እህቴ ግን አላረገዘችም። ያረገዘችው ከባሕር አጠገብ በተሠራ ትልቅ ቤት የምትኖር፣ በአማርኛ የምታለቅስ የውጭ አገር ተዋናይ ነበረች።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። አስተያየት የመስጠት በሽታ አለብኝ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የተማሪ ድርሰት ሳርም ውዬ ቤት ስገባም ቀዩ እስክሪብቶ ከእጄ የሚወርድ አይመስለኝም። የአማርኛ ፊልም ሲጀምር ሀብታሙ ልጅ ድሀዋን በመኪና ሊገጫት ሲል ለጥቂት ሲስታት ካየሁ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ እዚያው ተናግሬ አብሮኝ የተቀመጠውን አስቀይማለሁ። የእኛ አገር ሰው በፊልም ውስጥ ዘበኛ ወይም ተሸካሚ ካልሆነ የማይታየው ለምንድን ነው? አማርኛውስ ሰው እንዲስቅበት ተብሎ ለምን ይጣመማል? እንዲህ ያለውን ሳይ አጥፍቼ እነሣለሁ። ልቦለድ እወዳለሁ፤ ወንዶቹ ደራሲዎች ሴት በገባች ቁጥር ከጥርሷ ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ ግን ገጹን መዝለል ለምጃለሁ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የግጥም ምሽት ሲኖርም አልቀርም። ሲጀምሩ የሚያንሾካሹኩ፣ ሲጨርሱ የሚጮኹ ልጆች ይበዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ድምፁን ሳይቀያይር አንድ እውነት ተናግሮ ይወርዳል፤ ለእሱ ብዬ በዝናብ ባጃጅ ስፈልግ አመሻለሁ።

ተተርጉመው በሚመጡት ድራማዎች ላይ ያለኝ አስተያየት ከሁሉም የከፋ ነው። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮት መስኮት እያየ ያወራል። አራት ሰዎች በድምፃቸው የከተማውን ሕዝብ በሙሉ ሆነው ይናገራሉ፤ ዛሬ ክፉ ባለሀብት የነበረው ድምፅ ነገ ደግ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ታሪኩ የሚንጠለጠለው አንድ ሰው አንድ ነገር ባለመናገሩ መሆኑ ነው። ያንን ቢናገር ድራማው በዕለቱ ያልቅ ነበር። «በእውነተኛ ሕይወት እንዲህ የሚያደርግ ሰው የታለ?» እል ነበር፤ እያልኩም አንድ ክፍል አያመልጠኝም ነበር።

የማየው በእኔ ክፍል ነው። ቴሌቪዥኑ ድሮ ሳሎን ነበር፤ ወደ እኔ የተሰደደው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ የሰፈራችን የሴቶች የጸሎት ኅብረት መሪ ናት። ኅብረቱ የሚሰበሰበው ከሰዓት በኋላ ሲሆን የድራማው ድጋሚም የሚተላለፈው በዚያው ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ መጉደል ጀመሩ። አንዷ ራሴን አመመኝ ትላለች፣ ሌላዋ እንግዳ መጣብኝ። እናቴ ነገሩን ስትደርስበት በጾም ጸሎት ሳምንት ሁሉንም ሰብስባ ድራማ የሚባል ነገር ላያዩ ቃል አስገባቻቸው። ቀድማ እጇን ያነሣችው ራሷ ናት። ቃሏን አፍርሳ የተገኘች አንዲት ጎረቤታችንን ደግሞ ለአንድ ወቅት ከአገልግሎት አስቆመቻት። እናቴ ስታጠብቅ እንዲህ ናት።

እኔ ኅብረቱ ውስጥ ስላልነበርኩ ቃሉ አይመለከተኝም። ምሽት ላይ ድራማው ሲጀምር ታዲያ እናቴ የሆነ ነገር ልትጠይቀኝ ትመጣለች። «ጨው የት አደረግሽው?» ትለኛለች፤ ጨዉን የምታስቀምጠው ራሷ ናት። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ ትቆማለች። ተቀመጪ ስላት «ኧረ ልሄድ ነው» ትላለች፤ ማስታወቂያው ሁሉ አልፎ ድራማው እስኪያልቅ አትሄድም። ቆሞ ያየ አላየም የሚል ሕግ ለራሷ ያወጣች ይመስለኛል። እኔም እናት ናት ብዬ ዝም አልኩ።

በድራማው ውስጥ ልትዳር ሽር ጉድ የሚባልላት አንዲት ልጅ አለች። አርግዛለች፤ ከእጮኛዋ ግን አይደለም። ለማንም አልተናገረችም፤ ሰርጉ ደግሞ እየቀረበ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ስታለቅስ እናቴ በሩ ላይ ሆና «ምነው ለእናቷ እንኳ ብትነግራት!» ትላለች። እኔ «ብትነግራት ነገ ምን ሊያሳዩሽ ነው?» ስላት በግልምጫ ታነሣኛለች።

በእኛም ቤት ሙሽራ ነበረች። ታናሽ እህቴ በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ንግግሯ አጭር፣ ፊቷ ጭምት፣ ከተቆጣች ግን የማትመለስ። እጮኛዋ የወናጎ ልጅ ነው፤ ኮንጋ በሚባል ቦታ አንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል። አባቱ ወናጎ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ሥርዓት ያለው፣ ለሰው የሚታዘዝ ነው፤ እኔንም «ቲቸር» እያለ ያከብረኛል። አንድ የማልወድለት ነገር ቢኖር ለእህቴ የሚልክላት ግጥም ነው። ከቴሌግራም እየቀዳ እንደሚልከው ያስታውቃል። አንዱን እህቴ አሳይታኝ ነበር፤ «ዓለም ቢፈርድብሽ ሰው ሁሉ ቢከዳሽ፣ እኔ ግን አለሁኝ ከጎንሽ የማልሸሽ» ይላል። «ቤት ይመታል፤ ላኪው ግን ያነበበው አይመስለኝም» አልኳት። እሷም «አንቺ ሰው ሁሉ ተማሪሽ ይመስልሻል» ብላ ስልኳን ነጠቀችኝ።

ቀለበት ታስሯል። በእኛም በእነሱም አጥቢያ ጋብቻው በየእሑዱ ከመድረክ ይታወጃል፤ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ እየተባለ። ሽማግሌዎቹ ባረኩት ማለት ሰርጉ ጸና ማለት ነው፤ ከተጠራጠሩ ደግሞ ሁለቱ ልጆች የትም ሄደው በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን አይጋቡም።

አሁን ስለ ጸሎት ርዕስ ልንገራችሁ። በኅብረቱ ከጸሎት በፊት እያንዳንዷ ሴት ሸክሟን ትናገራለች። የማያሳፍር ከሆነ በስም ይጠራል፤ የእገሌ ወባ፣ የእገሊት ልጅ ፈተና። ገመና ከሆነ ግን ስም የለውም። «አንዲት እህት አለች፤ ባሏ እጁን ያነሣባታል» ካለች ራሷ ናት። «አንድ ወጣት አለ፤ ሱስ ይዞታል» ካለች ልጇ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይጠይቅም፤ «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ ጌታ ሆይ» እያሉ ይንበረከካሉ። ስም ያልተጠራለት ሰው የተናጋሪዋ ቤተሰብ መሆኑን እዚህ ጸሎት ቤት ያደገ ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል። እውነቴን ነው፣ ያማረ ልማድ ነው፤ ሰው ሳይዋረድ ይጸለይለታል።

እናቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ድራማው ክፉኛ በከፋበት ምሽት ማግስት ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦ «አንዲት ልጅ አለች። ልታገባ ቀን ተቆርጧል። ጽንስ ይዛለች፤ ከሚያገባት ልጅ ግን አይደለም። ለማንም መናገር አልቻለችም። ጌታ ያውቃታል፤ አግዙኝ።» ይህን ብላ አለቀሰች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። እንደዚያን ቀን ተንበርክከው፣ እንደዚያን ቀን ድምፅ አውጥተው ጸልየው አያውቁም ይባላል። እናቴ ልቧ ቀልሎላት ቤት ገባች፤ እራት ስታቀርብ እንኳ ታንጎራጉር ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ እህቴ መንገድ ላይ ሰላም የምትላቸው ሴቶች መጀመሪያ ሆዷን፣ ከዚያ ፊቷን ያዩ ጀመር። አንዷ ሚዜዋ «ለካ ያን ሰሞን ፈተና አለብኝ» ብላ መልእክት ላከችባት። ከአገልግሎት የታገደችው ጎረቤታችን፣ በየማለዳው በአጥር ላይ «አደራችሁ?» የምትለን ሴት፣ በራችንን ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብ ጀመር። እህቴ ስልክ ላይም ግጥም መምጣት አቆመ። ይህን እንኳ እኔ በደስታ ነበር የተቀበልኩት፤ ምን አውቄ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጥን። ማስታወቂያ የሚያነበው ሰው የሚጋቡትን ስም ዘረዘረ። የእህቴ ስም የለም። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ቀና ስል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ መጽሐፍ ቅዱሷን ከደነች። እህቴ ግን ወደ ፊት እያየች አልተንቀሳቀሰችም። 

ልጁ በዚያው ቀን ከወናጎ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ካለው የእንሰት ጥግ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ልብስ አሰጣለሁ ብዬ ተጠጋሁ፤ ያልታጠበ ልብስ ነበር የማሰጣው።

«አንድ ሌላ ክሊኒክ ሄደሽ ብትመረመሪ» ይላታል።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ እኮ። ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ ካሳየን ያልቃል።»

«ለአንተ ነው ወይስ ለእነሱ?»

«ለእኔማ ምን ያደርግልኛል? ለሰው አፍ መዝጊያ ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ላድርግ? እናትሽ ራሳቸው እኮ ናቸው በጸሎት ላይ የተናገሩት።»

እህቴ ጥላው ወደ ቤት ስትገባ ተከተልኳት። እናቴ ወጥ ቤት ጎመን ትከትፋለች። እህቴ ፊቷ ቆማ «ስለ እኔ ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?» አለቻት። እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ስለ አንቺ ምንም አላልኩም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው። ያኔ ገባኝ። 

«እማዬ፣ ስለዚያች ልጅ? ስለ ድራማዋ?»

«አዘንኩላታ» አለች። «ተዋናይ መሆኗን አጣሁት እንዴ? ግን እሷን የሚመስል ነገር የደረሰባት አንዲት የሰው ልጅ የሆነ አገር መኖሯ ይቀራል? ለዚያችኛዋ ነው።»

እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፤ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ያዘችውና «እንግዲያው ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው» አለች።

እናቴ ጎመኑን መክተፏን ቀጠለች። በጣም አደቀቀችው፤ ጎመን መሆኑ እስኪጠፋ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ በሰው ድራማ ላይ ስስቅበት የኖርኩት ያልተነገረ ነገር በእኛ ወጥ ቤት ተገኘ። እናቴ ብትናገር ምን እንደምታጣ ይገባኛል። ያንን ኅብረት በጭቃ በዝናብ ቤት ለቤት እየዞረች ያቆመችው እሷ ናት፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ቀና ብላ የሄደችው በኅብረቱ ነው። የገዛ ቃሏን በየምሽቱ በር ላይ ቆማ ስታፈርስ መክረሟን ልትናገር ነው፤ ያውም ጎረቤቷን በዚሁ ጥፋት አግዳ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትለኛለች። «እስኪጠራ እህቴ ትቀራለች!» እላለሁ። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ጮኽኩባት፤ እናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ራሴ ለልጁ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ቲቸር፣ አይቀየሙኝና ይሄ ልቦለድ ይመስላል» አለኝ። ልቦለድ ያለው ለስድብ ነበር። ልቦለድ እንዲህ ቢጻፍ እኔም በቀይ አሰምርበት ነበር፤ «የማይታመን» ብዬ ጠርዙ ላይ እጽፍበታለሁ። እውነት ግን እንዲታመን ተብሎ አይደረግም፤ ዝም ብሎ ይደረጋል። ይህን ለልጁ አላልኩትም፤ ስልኩን ዘጋሁበት።

እህቴ አልመረመርም እንዳለች ጸናች። «ወረቀት ምን አለው? አንድ ጠብታ ሽንት ነው፤ አሳዪያቸውና አሳፍሪያቸው» አልኳት። «እኔ ቀኑን ሙሉ ለሴቶች ይህንኑ ምርመራ ስሠራ ነው የምውለው» አለችኝ። «ውጤቱን ስሰጥ አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ወንበሩ ላይ ትቀልጣለች። አንዷንም ከማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እሱ ደግሞ ቃሌን አልሰማም፣ ወረቀት አምጪ ይለኛል።»  ከዚያ ወዲህ እናቴ ወደ ክፍሌ መምጣት አቆመች፤ እኔም ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩም።

የልጁ ቤተሰቦች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ ላኩብን። ዝናቡ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጁ፣ አባቱና እናቱ ጫማቸው ቀይ ጭቃ እንደ ለበሰ ገቡ። ጎረቤታችንንም ጠርተዋት ነበር፤ በጆሮዋ የሰማች ምስክር ናት። ሻይና ዳቦ አቀረብኩ። ማንም አልነካውም።

አባትየው ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «እኛ ልንፈርድ አልመጣንም» ብለው ጀመሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የሌላውን ልጅ ጋብቻ የማየውን ያህል የራሴንም ካላየሁ ሰው ምን ይለኛል? ልጄ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ብታሳይን በደስታ እንጸልይና እንሄዳለን።»

«ወረቀት የለኝም» አለች እህቴ። «አላረገዝኩም። ይህን በአፌ ነግሬዋለሁ።»

ሁላችንም ልጁን አየን። እሱ ጉልበቱን ያያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩ በሆዴ።

አባትየው ወደ ጎረቤታችን ዞረው «እህቴ፣ የሰማሽውን ተናገሪ» አሏት። ጎረቤታችን ቃል በቃል ተናገረች፤ ልታገባ ቀን ተቆርጧል፣ ጽንስ ይዛለች፣ ከሚያገባት ልጅ አይደለም። አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ይህ ነው የባሰው። አባትየው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። ሊሄዱ ነው። እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች።

ያኔ እናቴ ተነሣች።

«ልጅቷ የድራማ ልጅ ናት» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «ማታ ማታ በዚህች ልጄ ክፍል አይቻለሁ። ሌላውን ከልክዬ እኔ አይቻለሁ። ከሾፌሩ አርግዛ፣ እጮኛዋ ሳያውቅ ስትጨነቅ አይቼ አንጀቴን በላችኝ። የጸለይኩት ለእሷ ነው። ልጄ ንጹሕ ናት፤ በደሉ የእኔ ነው።» ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «አንቺንም በከንቱ አስቆምኩሽ። ይቅር በይኝ።»

 እናቴን እንዲህ ትንሽ ሆና አይቻት አላውቅም። ተነሥቼ ላቅፋት ፈለግሁ፤ ግን ነገሩ ያለቀ መስሎኝ የአባትየውን ፊት አየሁ። አላለቀም። በሐዘን ነው የሚያዩአት።

«እናት ነዎት» አሏት በትሕትና። «እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ?»

«ስልኬ ላይ አለ፤ ላሳያችሁ» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ ልጄ። ድራማው አለ ብንል እንኳ ምን ያስረዳል? ሰው ድራማ ያያል፤ ጊዜው ነው። ግን ለድራማ ሰው ተንበርክኮ የሚጸልይ፣ እንባ የሚያፈስ ማን አለ? እስቲ ማን አለ?»

 ስንት ፊልም፣ ስንት መጽሐፍ ላይ አፌን የከፈትኩ ሴትዮ ለዚህ ጥያቄ አንድ ቃል አጣሁ። እናቴ እንደ ቆመች ነው፤ ክብሯን ሰጥታ ምንም አልተሰጣትም።

«እኔ» አለ አንድ ድምፅ።

የልጁ እናት ነበሩ። ከገቡ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። በቤታቸው ጌዴኦኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛውን እያመዛዘኑ ያወጡታል።

ባላቸው ዞረው አዩአቸው። «እኔ ምን?»

«እኔ ጸልያለሁ። ለድራማዋ ልጅ። ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ» አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ «ሾፌሩ ግን አይደለም። ሾፌሩን ስሙን አታጥፉ፤ እሱ ሚስኪን ነው። የእጮኛዋ ወንድም ነው» አሏት።

እናቴ አፏን ያዘች። «ወንድምየው? መቼ ታወቀ?»

«ሐሙስ።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ጎረቤታችን ናት። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍነው ሞክራ አልሆነላትም፤ «እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር!» ብላ ጮኸች። ከዚያ የሳቀውን የሚያስቆም ጠፋ። አባትየው ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይነቀነቃል። እናቴ እየሳቀች ታለቅሳለች። ልጁም ቀና አለ፤ ፊቱ እንደ ታጠበ ልብስ በርቷል። ሻዩ ቀዝቅዞም ቢሆን ተጠጣ። አባትየው ዓይናቸውን ጠርገው «በሉ፣ እሑድ ስማችሁ ይነበባል። ጌታ ይመስገን፤ ልጃችን ነጽታለች፤ እንጸልይ» አሉና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትንሽ ይቆዩኝ አባባ» አለች እህቴ።

እሷ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው። ይህን ያየሁት ያኔ ነው።

«አልቆሸሽኩም ነበር» አለቻቸው። ለአባትየው ብትመልስላቸውም ዓይኗ ልጁ ላይ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለዚያች ልጅ እዚህ ተለቅሶላታል፣ ወናጎም ተለቅሶላታል። እኔ ነኝ በተባለ ጊዜ ግን አንድ ሰው ደህና ነሽ ወይ ብሎ የመጣልኝ የለም። አንተም የመጣኸው ወረቀት ልትጠይቅ ነው። እኔ እሷን ብሆን ኖሮስ? ምን ታደርግ ነበር?»

ልጁ አባቱን አየ። ከዚያ እናቱን። ከዚያ እንደገና አባቱን።

«ግን አይደለሽም እኮ» አላት። በፈገግታ ነበር ያለው፤ መልካም ዜና የነገራት መስሎት።

«አይደለሁም» አለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ጠብቆ ነበር፤ አዙራ አዙራ አወጣችውና ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችለት። «ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ይደርስብኛል። ያን ቀን መልሱን ከአባትህ ፊት ላይ ስትፈልግ ማየት አልፈልግም።»

አባትየው «ልጄ» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ። የልጁ እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እናቴ ቀለበቱን አየች፣ እህቴን አየች፤ ለዚህ ቀን ስትል ክብሯን የሰጠች ሴት ናትና ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የእህቴን ባዶ ጣት በሁለት እጇ ሸፍና ያዘችውና፣ ሁሉም እየሰማ፣ በስሟ ጠራቻት።